ሊቀ ባሩድ ኡም ሃርዱስ እና ሦስቱ ጥይቶቼ

ሌላ ሰው የሠራውን ጥይት የማያምን ሰው በየወረዳው አንድ አይጠፋም። ይህ ሰው ማንም የጋገረውን ዳቦ ይበላል፤ መልኩን አይቶት የማያውቀው አብራሪ በሚያበረው አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ለማያውቀው የጥርስ ሐኪም አፉን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ነገሩ ጥይት ላይ ሲደርስ ግን ከገዛ እጁ በቀር የሚያምነው ፍጡር የለም። የተኮሰበትን ቀለህ ከሣር ውስጥ እየዳኸ ይለቅማል፤ ቤቱ ወስዶ ያጥባል፤ እንደገና ባሩድ ይሞላል፣ እንደገና እርሳስ ይገጥማል፣ እንደገና ይተኩሳል፣ እንደገና ይድኻል። እናንተም አንዱን ሳታውቁ አትቀሩም። የማታውቁ ከሆነ ጎረቤታችሁን ጠርጥሩ።

በእኛ ከተማ በኦቾ ይህን መንበር የያዙት ክቡር ሊቀ ባሩድ ኡም ሃርዱስ ኦበርሆልዘር ናቸው። ኡም ማለት አጎት ነው፤ እዚህ ጸጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ ኡም፣ ሴት ሁሉ ታኒ ናት፤ ዝምድና አይጠየቅም። ሊቀ ባሩድ ብዬ የሾምኳቸው ግን እኔ ነኝ። ሹመታቸውን የሚሰሙት ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ነው፤ ያኔ እኔ ከከተማ ወጣ ብያለሁ።

እኔ ፍሎሪስ እባላለሁ። በዋናው መንገድ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት የእኔ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በወረዳችን ጋዜጣ እሞነጫጭራለሁ። አደንም እወዳለሁ። አደን ግን እኔን አይወደኝም። የአጋዘኖች ማኅበር ቢኖር ኖሮ ላደረግሁላቸው ውለታ ስሜን በክብር መዝገብ ላይ ያሰፍሩት ነበር።

ከኡም ሃርዱስ ጋር የተዋወቅነው በሚዛን ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ በሚያስሉ ሰዎች ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ሰዉ ሕፃን መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው።

«ባለመድኃኒቱ አንተ ነህ?»

«አዎ ኡም። ምን ልርዳዎ?»

«እኔን አይደለም፣ ሚዛኔን ነው የምትረዳው።»

ብርድ ልብሱን ገለጡት። የባሩድ መመዘኛ ሚዛን ነው። ከእኔ ሚዛን ጋር ካላስተያየሁት አልሄድም አሉ። አስተያየነው። የሁለቱ ልዩነት የአሸዋ ቅንጣት አያክልም።

«ያው ናቸው እኮ ኡም» አልኩ።

«ያው? እንዴት ያው ይሆናሉ? የአንተው ተሳስቷል።»

«የእኔን ባለፈው ወር መንግሥት መርምሮ ማኅተም አድርጎበታል።»

«መንግሥት መቼ ኢላማ መትቶ ያውቃል?» አሉና ወደሚያስሉት ሰዎች ዞረው፣ «እግዚአብሔር ይማራችሁ፤ በዚህ ሚዛን ነው የሚያክማችሁ» ብለው አዘኑላቸው። ሲወጡ ከበሩ ላይ ዘወር አሉ። «ቅዳሜ እርሻዬ ና። ሚዛንህንም ይዘህ ና፤ አብረን እናስተካክለዋለን።»

ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሄድኩ።

የበግ መሸለቻ ቤታቸውን ግማሽ ለበጎቹ ትተው ግማሹን ለባሩድ ሰጥተውታል። ከጥድ ጣውላ የተሠራ ወፍራም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የብረት መጭመቂያ ታስሯል፤ ከበላዩ ግድግዳው ላይ አባታቸው የተዉላቸው ጠመንጃ ተሰቅሏል። ሦስት ሰባ አምስት ማግነም የሚባለው፣ ለትልልቅ አውሬ የሚሆነው ነው። ብረቱ ከእጅ ብዛት ጥቁረቱ ለቆት ብርማ ሆኗል፤ ሰደፉ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በሙጫ ተይዟል። ጥይቱ የአውራ ጣቴን ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ከታች በኩል እንደ ቀበቶ ያለ ነገር ታጥቋል። ስትተኩሱት ትከሻችሁ ለሦስት ቀን ያስታውሳችኋል።

«ኡም፣ ሱቅ ውስጥ ያለቀለት ጥይት አለ አይደል? ለምን ይህን ሁሉ ይደክማሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያፏጨሁ መሰለኝ።

«የሱቅ ጥይት ለማንም ተብሎ የተሠራ ነው» አሉ። «የእኔ ጠመንጃ ማንም አይደለም።»

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልናገርም። ለሰባኪው ብለውታል። ለእንስሳት ሐኪሙ ብለውታል። አንዴ በመቃብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከኋላዬ ቆመው ሹክ ብለውኛል።

ይህ ቃል የማያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ኤሊያ ጋሴብ። የኤሊያ እርሻ ከኡም ሃርዱስ አጥር ማዶ ነው። ጠመንጃው የዛገ፣ ማንገቻው የበሬ ጠፍር፣ ጥይቱ ከከብት መኖ ሱቅ ከጨው ጋር አብሮ የተገዛ ነው። ኤሊያ ስቶ አያውቅም። ይህ ነገር ለኡም ሃርዱስ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ነው።

«ዕድለኛ ነህ» ይሉታል።

«አዎ ኡም» ይላል ኤሊያ እየሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕድለኛ ነኝ።»

እንግዲህ እኔ የኡም ሃርዱስ ተማሪ ሆንኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ቀለሁን በመጭመቂያው አስገብቶ ወደ ልኩ መመለስ ነው፤ ለዚህም ቅባት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ብረቱ ይነክሰዋል። «መድኃኒት ቤትህ የበግ ጠጉር ቅባት አለ አይደል? አንድ ቆርቆሮ ይዘህ ና» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በኩራት አንድ ቆርቆሮ ይዤ መጣሁ፤ ሃያውን ቀለህ እያሸሁ ቀባሁ፤ የመጀመሪያውን ከተትኩና የመጭመቂያውን እጀታ ተጫንኩ። ገባ። አልወጣም። በዚያው ቅጽበት ቤቱን አንድ ሽታ ሞላው፤ በጎቹ ማስነጠስ ጀመሩ፤ የእኔም ዓይን አነባ። ቆርቆሮውን አየሁት። ለወገብ ሕመም የሚታሸው ነው።

ኡም ሃርዱስ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ቀለሁ ወገቤን አመመኝ ብሎህ ነው?» አሉ።

የተነከሰውን ቀለህ ለማውጣት እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብን። እኔ በሙያዬ ቅባት የምለይ ሰው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅባት ለይቻለሁ።

ሌላም ጊዜ ባሩድ የሌለው ጥይት ሠርቻለሁ። እንዴት እንደረሳሁት አትጠይቁኝ፤ ምናልባት ስለ ኡም ሃርዱስ ለጋዜጣው የምጽፈውን ቀልድ እያሰብኩ ይሆናል። ኢላማ ልንተኩስ ኤሊያን ጨምረን ወጣን። ቃታውን ሳብኩ። «ጢስ» አለችና ቀረች። ከቀለሁ ቂጥ ላይ ሆና ባሩዱን የምታቀጣጥለው መለኮሻ ብቻዋን እርሳሱን ገፍታ አፈሙዙ መሐል ወትፋዋለች። ኤሊያ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

«አጋዘኑን ልትገድለው ነው ወይስ ልታባብለው?»

ኡም ሃርዱስ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ሁለተኛውን ጥይት ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱ። «በላዩ ብትደግም ኖሮ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳ ነበር» አሉ። ከዚያ ገብተው ቀኑን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም «ፍሎሪስ አልሞተም» ብለው ጨመሩበት። እስከ ዛሬ አለ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ደረስን። አንድ ሰኞ ታኒ አሊዳ፣ የኡም ሃርዱስ ባለቤት፣ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱን አነበብኩ። ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ጠንከር ያለ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ የሻይ ማንኪያው ስኒው ላይ ሲንቀጨቀጭ እየሰማሁ፣ ብርዱ ነው ስል ከርሜያለሁ። ባለመድኃኒት ነኝ ስላችሁ እንዳታምኑኝ።

ታኒ አሊዳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፍሎሪስ፣ ይህን ባሩድ ይተዉ ዘንድ ንገራቸው። ፊታቸውን ያፈነዱብኛል።»

«ታኒ፣ እኔ የምላቸውን ነገር መቼ ሰምተው ያውቃሉ?»

«ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማሉ።»

«እኔን ይሰድቡኛል እንጂ አይሰሙኝም።»

«ለእርሳቸው ያው ነው» አሉ ታኒ አሊዳ። «የማይሰሙትን ሰው አይሰድቡም።»

እሺ አልኩ። ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቅዳሜ ፊት ለፊት ይነግራቸው ነበር። እኔ ግን ዘዴ ፈጠርኩ። መጀመሪያ፣ መለኮሻ ከአገር ጠፍቷል፣ ወደብ ላይ ተይዟል ብዬ ዋሸሁ። ተነሥተው ቁም ሣጥን ከፈቱ፤ ለሃያ ዓመት የሚበቃ መለኮሻ ተደርድሯል። «እንደዚህ ዓይነት ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር» አሉ በእርካታ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሚዛናቸው ተዛብቷል አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ መረመሩትና የእኔን ሚዛን ዳግም ጥፋተኛ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ብቻ አይ ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ስገባ ስድብ አልጠበቀኝም። ኡም ሃርዱስ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል። ስድሳ ያለቀላቸው ጥይቶች በረድፍ ቆመዋል። ከጥይቶቹ ኋላ ሁለት የባሩድ ጣሳዎች አሉ፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው።

«ፍሎሪስ» አሉ፣ ሳያዩኝ። «ከየትኛው ጣሳ እንደቀዳሁ አላስታውስም።»

ሁለቱ ባሩዶች አንድ አይደሉም። አንዱ ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ለዚህ ጠመንጃ የሚሆነው ነው፤ ሌላው ፈጣን ነው፤ በዚያ የተሞላ ጥይት ብረት ይቀድዳል። ይህን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከአንድ በላይ ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥንም እንደ ሰው መግደል የሚቆጥሩት እርሳቸው ናቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘውታል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ ስል ተመኝቼ ነበር። ያን ቀን ምኞቴን ብመልሰው ወደድኩ።

«እናፍርሳቸው» አልኩ።

ስድሳውንም አፈረስናቸው። እኔ በመንቀያ መዶሻ እየደበደብኩ እርሳሱን አወጣሁ፤ እርሳቸው ባሩዱን ባልዲ ውስጥ ገለበጡ፤ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን። ሲያልቅ ባልዲውን ወስደን የታኒ አሊዳ ዱባ ሥር በተንነው፤ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል ይላሉ። ታኒ አሊዳ ከወጥ ቤቱ በር ቆመው አዩን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

ኡም ሃርዱስ ባዶውን ባልዲ ደፍተው አስቀመጡት። «ለሐምሌ ባዛር አጋዘን እሰጣለሁ ብያለሁ» አሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ አጋዘን ሰጥተዋል፤ የወረዳው ሰው ሁሉ ክረምቱን የሚያላምጠው ቋንጣ ከዚያ ነው። «ስለዚህ ሦስት ጥይት ሥራልኝ።»

«እኔ?»

«እዚህ ሌላ ሰው ይታይሃል?»

«ኡም፣ ኤሊያ ጥይት ያበድርዎታል፤ የሱቁም ቢሆን…»

«ሦስት» አሉ። «ቁጭ በል።»

እጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ ቀልዴን አይደለም፣ እንዳይነኩብኝ በእውነት እጃቸውን ከሥራቸው አድርገው ተቀመጡበት። እኔ መመዘን ጀመርኩ። ላቤ ሚዛኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በክንዴ እጠርጋለሁ። «ትንፋሽህን ያዝ፣ ሚዛኑ አውሎ ነፋስ የመጣ ይመስለዋል።» «መለኮሻዋን አትቆንጥጣት።» «ይህን እርሳስ እየገጠምክ ነው ወይስ እየዳርከው?» ሦስት ጥይት ለመሥራት ከምሳ እስከ ከብቶች መግቢያ ፈጀብኝ። ሲያልቅ እያንዳንዱን ከጆሯቸው ጋር አስጠግተው ነቀነቁት፤ ባሩድ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። በዚህ አልተቀየምኩም፤ ታሪኬ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ጠዋት፣ ሦስታችን ወጣን። ዱካውን ያገኘው ኤሊያ ነው። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ከአንድ ሞፓኔ ዛፍ ሥር ቆሞ አየነው፤ ቀንዱ ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ የአጋዘን ኮርማ፣ መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ። ኡም ሃርዱስ ጠመንጃውን ለመተኮስ በያዙት ምርኩዝ ላይ አሳረፉ። ምርኩዙ ተንቀጠቀጠ፤ አፈሙዙ አየር ላይ ክብ ይሠራል። ሦስት ጊዜ አነጣጠሩ፣ ሦስት ጊዜ አወረዱ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ኤሊያ ጃኬቱን አወለቀ፤ አጠገባችን ያለ የምስጥ ኩይሳ ላይ አጣጥፎ አኖረውና በአገጩ አመለከታቸው። ኡም ሃርዱስ ኩይሳው ላይ በደረታቸው ተኙ። አፈሙዙ ጃኬቱ ላይ ረጋ።

በዚያች ጸጥታ ውስጥ እኔ ምን እያሰብኩ ነበር መሰላችሁ? ባሩዱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ መዝኛለሁ፤ እርሳቸው ነቅንቀዋል። ቢሆንም የወገብ ቅባት ሳይቀር ትዝ አለኝ።

ተኮሱ። ድምፁ ደረቴን መታኝ። ኮርማው ዘለለ፣ ቆመ፣ ዞሮ አየን፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እየተራመደ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ኡም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ባሩዱን አሳንሼዋለሁ! እርስዎ አልሳቱም፣ እኔ ነኝ! መለኮሻ ወደብ ላይ ተይዟል ያልኩትም ውሸት ነው! ሚዛኑም ደህና ነበር! ታኒ አሊዳ ናቸው የላኩኝ!»

«ዝም በል እስቲ» አለ ኤሊያ። «አጋዘኑ ሲወድቅ እንስማ።»

ቅርንጫፍ ተሰበረ። ከዚያ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማን። ስድሳ እርምጃ ሄዶ ወድቋል፤ ጥይቱ ልክ ከክንዱ ኋላ፣ መግባት ባለበት ቦታ ገብቷል። ኤሊያ ወደ ኮርማው ሄደ። እኔ ኡም ሃርዱስን ከኩይሳው ላይ ደግፌ አነሣኋቸው።

«ምንድን ነው ስትል የነበረው?»

«ምንም ኡም።»

«አሊዳ ላከችህ?»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «አዎ» አልኩ።

«እኔንም ልካኛለች» አሉ። «ጥይቱን ፍሎሪስ ይሥራልህ ያለችኝ እርሷ ናት። ከሱቅ ጥይትና ከአንተ ጥይት ለመምረጥ ስድሳዎቹን እስክናፈርስ ድረስ ፈጀብኝ።» ባዶውን ቀለህ ከጠመንጃው አወጡ፤ ወደ ብርሃን አዙረው ቂጡን አዩ፣ አሸተቱት፣ እንደገና አዩት። «አያሳፍርም» አሉ።

እንግዲህ ይህን ቃል ለሚስቴ ነገርኳት። ለሰባኪው ነገርኩት። በማግስቱ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ለመጣች ሴት፣ ሳትጠይቀኝ፣ ከነሙሉ ታሪኩ ነገርኳት።

ባዛሩ አለፈ። በሳምንቱ ሰኞ የታኒ አሊዳ ፒካፕ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ጠረጴዛው፣ መጭመቂያው፣ ጣሳዎቹ፣ ሁሉም ተጭነዋል። ኡም ሃርዱስ ከፊት ወንበር ሳይወርዱ፣ «መኪናህን ከጋራዡ አውጣ፤ ዝናብ አይገድለውም» አሉ። መኪናዬ ይኸው ውጭ ያድራል። እርሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እሠራለሁ፣ እርሳቸው ይሰድባሉ። እኔም ሰው ከሱቅ ጥይት ገዛሁ ሲል ስሰማ ፊቴ ይኮማተር ጀምሯል፤ ሚስቴ አይታኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ግን በሰዓታቸው አልመጡም። ቀለሁን ደረደርኩ፣ ሚዛኑን አዘጋጀሁ። እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ስሳሳት የሚሰድበኝ ከሌለ መሳሳቴን በምን አውቃለሁ? ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። በሰኔ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ተደርጓል፤ ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ ይህ በሽታ ወዴት እንደሚሄድ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። ወጥቼ አጥሩ በር ላይ ቆምኩ። ስልክ ልደውል አሰብኩ፤ መልሱን ፈርቼ ተውኩት። እጄ ሥራ እንዲይዝ የደብዳቤ ሣጥኑን መጥረግ ጀመርኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቴ ከመስኮት።

«ሣጥኑን እያጸዳሁ ነው።»

«ንጹሕ ነው እኮ» አለችና ወደ መንገዱ አየት አደረገች።

ከመታጠፊያው ፒካፑ ብቅ አለ። ጎማ ተንፍሶባቸው ኖሯል። ኡም ሃርዱስ በሩን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው፤ ዱላቸውን ከታኒ አሊዳ ተቀበሉ። ከዚያ አዩኝ።

«ምን ታፈጣለህ? ሚዛኑን ሳትሸፍን ነው የወጣኸው? በቃ አቧራ ገባበት!»

«ሸፍኜዋለሁ ኡም» አልኩ።

አልሸፈንኩትም ነበር። እርሳቸው በዱላቸው እየተጎተቱ ጋራዡ በር እስኪደርሱ ድረስ፣ እኔ የአርባ ስድስት ዓመት ባለመድኃኒት፣ በጓሮ ዞሬ፣ እየሮጥኩ ገብቼ ሸፈንኩት።